ያልተጸለየበት ቆብ

የባለቤቴ የዘውዴ ሙት ዓመት እየደረሰ ነው። እስከዚያ ይህን ጽፌ ልጨርስ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ እጄ ግን ቀርፋፋ ነው። ጥቂት ጽፌ ብዕሩን አስቀምጥና ወደ በሩ አያለሁ። የምጽፈው ስለ እሱ አሟሟት አይደለም። አብዮቱ ገና ትኩስ በነበረበት ዘመን እኔ ራሴ ታምሜ ስለዳንኩት ሕመም ነው። ሕመሙ ሴት ለሴት እንኳ በጆሮ የምታወራው ዓይነት ስለሆነ ብዙዎቻችን ይዘነው እንቀመጣለን። ባለፈው ሰሞን ከማኅበራችን ሴቶች አንዷ ወደ ጓሮ ጠርታኝ፣ "እትዬ በለጡ፣ ከባሌ ጋር ስተኛ ያመኛል፤ ፈራሁ፤ ለማንም እንዳትነግሪብኝ" አለችኝ። አልነገርኩም። በማግስቱ ግን ይዣት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ወደ ጓሮ ጠርታ የምትነግረው ሰው የሌላት ደግሞ ትኖራለች። ይህ ለእሷ ነው። ለባሏም ጭምር።

የምንኖረው ጉለሌ ነው፤ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ የሚወጣውን መንገድ ይዞ። ዘውዴ ግንበኛ ነበር፤ ቤታችንንም የሠራው በገዛ እጁ ነው። ድንጋይ ሲጠርብና ሲሚንቶ ሲያቦካ ስለሚውል መዳፉ ተሰነጣጥቆ እንደ ሞረድ ሻካራ ነበር። ስለዚህ ሲዳብሰኝ በመዳፉ አይደለም፤ በእጁ ጀርባ ነው። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ የሀገሩ ልማድ ይመስለኝ ነበር። እንዳይቧጭረኝ ብሎ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው። ትልቋ ልጃችን ተድራ ወጥታለች፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆች በፊተኛው ክፍል ያድራሉ፤ እኛ በጓዳው። በመካከላችን ያለው መጋረጃ ብቻ ነበር። ያን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር ስለ አልጋችን በቃል ተነጋግረን አናውቅም። እሱ የእጁን ጀርባ ትከሻዬ ላይ ያሳርፋል፤ እኔ ወደ እሱ እዞራለሁ፣ ወይም አልዞርም። ቋንቋችን ይኸው ነበር፤ የበቃንም ይመስለን ነበር።

ደሙን መጀመሪያ ያየሁት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላ ሳምንት ነው። የወር አበባዬ ከቆመ ከርሟል። ከዘውዴ ጋር ስንተኛ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ነገር ተሰማኝ፤ ጠዋት አንሶላው ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ቀይ ነገር አየሁ። ልጆቹ ሳይነሱ አጠብኩት። ውሃው ሲቀላ የታየኝ የራሴ ደም አይደለም፤ የአክስቴ ነው።

አክስቴ የሞተችው በማኅፀን ካንሰር ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ስሙን የሚያውቀው አልነበረም፤ ነቀርሳ ይሉት ነበር፣ እርግማን ነው የሚሉም ነበሩ። ጨርቆቿን የማጥበው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ እንዲሁ ትንሽ ደም፣ ቀጥሎ ብዙ፣ ቀጥሎ በማጠብ የማይለቅ ሽታ። ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን አንድ ቀን አልጋውን ፈትቶ በትከሻው ተሸክሞ ወጣ፤ ጎረቤት ቤት ተከለው። አክስቴ አልጋው ሲወጣ ታይ ነበር። እኔ ነበርኩ በሩን የያዝኩለት።

ስለዚህ ፍርሃቴ ሁለት ነበር። አንዱ መሞት ነው። ሁለተኛው፣ ከመሞቴ በፊት አልጋው ሲወጣ ማየት ነው።

ዐቢይ ጾም ገባ፤ እፎይ አልኩ። እኛ በቁርባን የተጋባን ነን፤ በጾም አንገናኝም፤ ዘውዴም አይጠይቅም። እነዚያን ሳምንታት ጾሙ እንዳያልቅ ስጸልይ የከረምኩ ምናልባት እኔ ብቻ ነኝ። ፋሲካ ሲሆን ሰው ሁሉ ሲፈስክ እኔ ፈራሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ጾም የለም፤ የምደበቅበት አልነበረኝም። አንድ ሌሊት የእጁ ጀርባ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ዞርኩ። ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። የጋቢውን ጫፍ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ጠዋት ደሙ ከመጀመሪያው የበለጠ ነበር።

ከዚያ ወዲያ "ስለት አለብኝ" አልኩት። የሰኔ ጾም ሲገባ እሱን ያዝኩ፤ ፍልሰታ ሲመጣ እሱን ያዝኩ። መስከረም አልፎ የጽጌ ጾም ሲገባ እሱንም ጀመርኩ። አንድ ቀን ራት ላይ ዘውዴ የኔን ሹሮ አይቶ፣ "ይሄ ደግሞ የምን ጾም ነው?" አለ።

"የጽጌ።"

"የጽጌን ካህናት አይደሉም እንዴ የሚጾሙት?"

"በፈቃድ ነው፤ የፈለገ ይጾማል።"

"አንቺ ዘንድሮ ያልፈለግሽው ጾም አለ?"

ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ብዙ ሳይቆይ የቀበሌውን የሌሊት ጥበቃ በፈቃዱ መያዝ ጀመረ። ሌላው ሰው ተራው ሲደርስ ታመምኩ ብሎ የሚያመልጠውን፣ ዘውዴ የራሱን ጨርሶ የጎረቤትንም ይወስዳል። ሰፈርተኛው፣ "ጋሽ ዘውዴ አብዮቱን ከሊቀመንበሩ በላይ ወደደው" እያለ ይቀልድበት ነበር። ያ ዘመን ሌሊት የሚወጣ ሰው ጠዋት መመለሱ የማይታወቅበት ነው። ሰዓት እላፊ ከገባ በኋላ ከታች በኩል ተኩስ ይሰማል፤ ከዚያ ውሻ፤ ከዚያ ዝም። እኔ ጓዳ ውስጥ ባዶው አልጋ ላይ ዓይኔን አፍጥጬ እተኛለሁ። የውጭው በር ሲንቋረር፣ በሕይወት ተመለሰ ብዬ አመሰግናለሁ፤ ወዲያው ደግሞ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ቢያሳርፍስ ብዬ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። እንዲመጣም እንዳይመጣም የምፈራው አንድ ሰው ነበር። ከሕመሙ ይልቅ የጎዳኝ ይህ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ለማንም ሳልነግር ከሰፈራችን ራቅ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሰው እንዳያውቀኝ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የተቀበለኝ ሰውዬ አልመረመረኝም። ጠረጴዛው ጋ እንደተቀመጠ፣ ተራ የሚጠብቁት በሚሰሙት ድምፅ ጠየቀኝ።

"ባለትዳር ነሽ?"

"አዎ።"

"ባልሽ ማታ የት ነው የሚያድረው?"

"ቀበሌ ጥበቃ።"

ፈገግ አለ። "እንግዲያ ጥበቃው ነው ያመጣልሽ። የአባላዘር በሽታ ነው። መርፌውን ጨርሺ፤ እሱንም ይዘሽው ነይ።"

መርፌውን ተወጋሁ። አልፎ አልፎ ልብሴ ላይ የማየው ደም እንደነበረ ነው፤ አሁን ግን መርዝ ተጨመረበት። ዘውዴ ከሥራ ሲመለስ ካፖርቱን እያሸተትኩ ሽቶ ፈለግኩ፤ የማገኘው የሲሚንቶና የጭስ ሽታ ነው። ማታ የሚሄድበት ቤት ይኖር ይሆን? ማን ናት? አንድ ማታ፣ ሰዓት እላፊ ሳይገባ፣ ራት ላድርስለት ብዬ ወደ ጥበቃው ወረድኩ። ከቀበሌው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ጠመንጃውን በጉልበቱ መካከል ይዞ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ።

"ምነው መጣሽ?" አለኝ።

"ራት ይዤልህ።"

"የጾም ነው?"

"የጾም ነው።"

"አስቀምጪው።"

ቆምኩ። የሚናገር መስሎኝ ቆየሁ፤ እሱም እኔ የምናገር መስሎት ሳይሆን አይቀርም ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ፣ "ሳይዘጋ ግቢ" አለኝ፤ ገባሁ።

መርፌው ሳያድነኝ ሲቀር እንጦጦ ማርያም ጸበል ወጣሁ፤ ሱባኤ ይዤ እዚያው ሰነበትኩ። ውሃው በረዶ ነው። በየቀኑ ርሶ የሚያድረው ጠጉሬ ራሴን ቢያመኝ አንዷን ሴት መቀስ አስይዤ ከሥሩ አስቆረጥኩት። ስለ ጸበሉ ክፉ አልናገርም፤ ከወራት በኋላ መጀመሪያ እንቅልፍ የወሰደኝ እዚያ ነው። ቤት ስመለስ ዘውዴ ነጠላዬን ሳወርድ አየ። ዓይኑ የተሸለተው ራሴ ላይ ቆየ። ተነስቶ ወጣ፤ ያን ማታም ጥበቃ አደረ። በቃ፣ አልጋው ሊወጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ዘውዴ የንስሐ አባታችንን አባ ወልደ ሚካኤልን ይዞ ገባ። በብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ልጆቹን ኳስ ተጫወቱ ብሎ አስወጣቸው። ሊፈታኝ ነው አልኩ። ለምን በካህን ፊት እንደሚሆን ብቻ አልገባኝም።

አባ ባርከውን ከተቀመጡ በኋላ በክርስትና ስሜ ጠሩኝ። "ወለተ ማርያም፣ ዘውዴ የነገረኝን ከራስሽ ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት።"

"ምን ነገረዎት አባ?"

ዘውዴ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። "በለጡ፣ ፈርተሽኝ ከሆነ አትፍሪ። ያለ ባል ፈቃድ አይሆንም ሲሉ ሰምቻለሁ። ፈቅጄልሻለሁ። ይኸው በአባ ፊት።"

"ምኑን ነው የፈቀድክልኝ?"

ጋዜጣውን ፈታው። ቢጫ ቆብ ነው፤ መነኮሳይት የምትደፋው ዓይነት፤ ጥጡ አዲስ፣ ስፌቱ ደቃቅ።

"ሽሮ ሜዳ አሠርቼው ነው" አለ። "ልክሽን ልጠይቅሽ አፈርኩ። በራሴ ለካሁት፤ ሳይሰፋ አይቀርም።"

ቆቡን እያየሁ የዓመቱ ነገር ሁሉ ተሰልፎ መጣልኝ። የማያልቀው ጾም፣ ሱባኤው፣ የተቆረጠው ጠጉሬ፣ ሌሊት ከፍርሃት ብዛት ተነስቼ ግድግዳው ጋ ቆሜ የምጸልየው። እኔ ከአልጋው ስሸሽ እሱ ያየው ወደ እግዚአብሔር የምትሄድ ሴት ነው። እኔ ሌላ ሴት ስፈልግበት፣ እሱ መንገዴን ላለመዝጋት ድንጋይ ላይ ያድር ነበር። ሊተወኝ አልነበረም የመጣው፤ ሊሰጠኝ ነው።

"ቆብ አይደለም አባ" አልኩ። "ደም ነው።"

"የምን ደም?" አለ ዘውዴ።

"ከአንተ ጋር በተኛሁ ቁጥር። ካለፈው ቅበላ ጀምሮ።"

አባ ዓይናቸውን ወደ መስቀላቸው አወረዱ። ዘውዴ ቀስ ብሎ ሁለት እጆቹን ገልብጦ መዳፎቹን አየ። ከዚያ እኔን አየ።

"እኔ ነኝ ያቆሰልኩሽ?" አለ።

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አይደለህም አልኩት፤ ስለ አክስቴ ነገርኩት፤ ስለ ክሊኒኩም ነገርኩት፤ አፌ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ካህን መኖራቸውን ረሳሁ። አባ ወልደ ሚካኤል እስክጨርስ ጠብቀው፣ "ጾም በሁለታችሁ ስምምነት የሚያዝ ነው እንጂ አንዱ በሌላው ላይ የሚዘጋው በር አይደለም፤ እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን" አሉ። "አሁን የምትሄጂው ሆስፒታል ነው። ነገ። ብቻሽን ደግሞ አይደለም።"

"ቆቡስ አባ?" አለ ዘውዴ፤ ምን እንደሚያደርገው የጠፋው ሰው ሆኖ።

"እስካልተጸለየበት ጨርቅ ነው። አስቀምጠው።"

በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ መሐል ከተማ ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ወረድን። መንገድ ላይ፣ "በእውነት ሴት አለው ብለሽ ነበር?" አለኝ።

"ምን ልበል? በየሌሊቱ ትወጣ ነበር።"

"በዚያ ብርድ ማን ትፈልገኛለች? ጠመንጃው ራሱ ጥይት የለውም።"

ሳቅኩ፤ ወዲያው አፈርኩ፤ ሊሞት የሚሄድ ሰው የሚስቅ አይመስለኝም ነበር። "ስገላበጥ ትነቂና ጸሎት ትጀምሪ ነበር" አለኝ። "እሷን የሚጠራት ሌላ ነው፣ እንቅፋቱ እኔ ነኝ እያልኩ ነው የወጣሁት።"

የሴቶቹ ክፍል አግዳሚ ረጅም ነበር። እርጉዞች፣ የሚያለቅሱ ሙሽሮች፣ እንደኔ ጎልማሶች፤ አብዛኛው ሰው ግድግዳውን ያያል። ወንድ ዘውዴ ብቻ ነው። አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ "ወንድም፣ ተሳስተሃል መሰለኝ፤ ይሄ የሴቶች ነው" አለችው።

"አልተሳሳትኩም።"

"ታዲያ አንተም ትመረመራለህ?"

"ካስፈለገ።"

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ያ ሳቅ እጄን አሞቀው ብል ማጋነን አይደለም። ስሜ ሲጠራ ግን እንደገና በረዶ ሆንኩ።

ሐኪሙ ትሁት ሰው ነበር። ሲስተር ብርነሽ የምትባል አዋላጅ ነርስ እጄን ይዛ፣ ምን እንደሚደረግ እያንዳንዱን ነገር አስቀድማ ትነግረኝ ነበር። የማኅፀኔ አፍ ላይ እንደ ኪንታሮት በግንድ የተንጠለጠለች ትንሽ ሥጋ ተገኘች። ፖሊፕ ይሏታል። ስትነካ ትደማለች፤ ደሙ ከእሷ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ሴት ስታርጥ እዚያ ያለው ቆዳ እንደሚሳሳና እንደሚደርቅ፣ ምላጩም ከዚያ እንደሆነ ነገሩኝ። የአባላዘር በሽታ የሚባል ነገር አልነበረብኝም። ሐኪሙ ሥጋዋን ቆርጦ አወጣት፤ ከጠበቅኩት ያነሰ አመመኝ። "አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ነገር የለባትም" አለኝ፤ "ቢሆንም ወደ ላቦራቶሪ ትሄዳለች። ውጤቱ እስኪመጣ ታገሺ።"

አብዛኛውን ጊዜ። ይህን ቃል ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት መጻፍ አልወድም። ውጤቱን የምንጠብቅ ሰዎች ሁሉ የምናውቀው ነገር ነው፤ ወጥ ታማስያለሽ፣ በቀበሌው ሱቅ ለስኳር ትሰለፊያለሽ፣ ሰው ያናግርሻል ትመልሺያለሽ፤ ከውስጥ ግን ቆመሽ በር በሩን ታያለሽ። የራሴን ልብስ ደጋግሜ አሸት ነበር። አንድ ማታ ዘውዴ ሳሸት ያዘኝ። ጥበቃውን ትቶ ቤት ማደር ጀምሯል። ሳይነካኝ አጠገቤ ይተኛል።

"ምን ትፈልጊበታለሽ?" አለኝ።

የአክስቴ ባል አልጋውን ተሸክሞ መውጣቱን፣ በሩን የያዝኩለትም እኔ መሆኔን ያን ጊዜ ነገርኩት። "የኛ አይወጣም" አለ ዘውዴ።

"እንዴት አወቅክ?"

"ቤቱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም? አልጋው ከገባ በኋላ ነው የጓዳውን በር ያጠበብኩት። ከፈለግሽ ነገ ለኪው።"

አልለካሁትም። ተኛሁ።

ውጤቱ ደህና ሆነ። ክፉ ነገር የለባትም ተባለ። ዘውዴ ኮሪደሩ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ግድግዳውን ሳመው፤ እኔ ግን ደስታዬ ቶሎ አልመጣም።

ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ፤ ሐኪም አድኖኝ ቤት ከገባሁ በኋላም አልዳንኩም። ቁስሉ ደርቋል፣ ተፈቅዶልናል። ዘውዴ የእጁን ጀርባ ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፍ ግን መላ አካላቴ እንደ ጡጫ ተጨበጠ። ልቤ ይፈልገዋል፤ ሥጋዬ አይከፍትም። እንደገና አመመኝ፤ ደም የለም፣ ሕመሙ ግን ያው ነው። ውጤቱን ተሳስተዋል፣ ተደብቆ የቀረ አለ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አደርኩ። ዘውዴ ጠዋት ሥራ ቀርቶ እንደገና ወሰደኝ።

ሲስተር ብርነሽ መርምራኝ ስትጨርስ ልብሴን አስለበሰችኝ። ድንገት ጣቷን ወደ ዓይኔ አመጣች። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ማን ጨፍኚ አለሽ?" አለችኝ።

"ራሱ ነዋ።"

"ያኛውም ራሱ ነው። አንዴ ተወግቷልና ሳይነካ ይከደናል። ነውር አይደለም፣ ባልሽን መጥላትም አይደለም። በግድ ስትከፍቺው ይብስበታል። ጣቱ ርቆ ሲቆይ፣ ደጋግሞም መጥቶ ሳይወጋ ሲመለስ ግን ቀስ በቀስ ይለምዳል። አባወራውን ጥሪው።"

ዘውዴ ገባ። ለደረቁ ቆዳ የሚሆን ቅባት ሰጠችን፤ አጠቃቀሙን ነገረችን። ከዚያ፣ ወደ ፍጻሜው ለመድረስ ጨርሳችሁ አትሞክሩ፣ በለጡ ራሷ አሁን እስክትል ድረስ አለችን። መዳበስ ብቻ፤ ጀርባ፣ እጅ፣ እግር፣ ራስ። በቃ ስትል ማቆም። ዝም ብላ ከቻለችው አይቆጠርም፤ መናገር አለባት።

ዘውዴ ላቡን ጠረገ። "ሲስተር፣ እጄ እኮ…" ብሎ መዳፉን ዘረጋላት።

አየችው። "ይህንንስ በለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፈህ ቫዝሊን ቀባው" አለችው። "በጀርባው ነው እስካሁን የምትነካት?"

"በምን አወቅሽ?" አለ ዘውዴ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ኳስ ሜዳ ሲሄዱ በሩን እንቀረቅራለን። በቀን፣ በብርሃን። መጀመሪያ ላይ ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር ነገር ያለ አልመሰለኝም። ዘውዴ ከበርጩማው ላይ ተቀምጦ እጆቹን ሳህን ውስጥ ይዘፈዝፋል፤ እኔ ቫዝሊኑን እቀባዋለሁ፤ ስንጥቁን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። የልጆቹን ነገር፣ የሥራውን ነገር እናወራለን። ከዚያ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። መዳፉ ጀርባዬ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያርፍ አለቀስኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን የባሌ መዳፍ እንዴት እንደሚሞቅ አላውቅም ነበር።

ሦስት ቃል ተማርን፤ "ቆይ"፣ "በቃ"፣ "እሺ"። የልጆች እናት ሆኜ ጠጉሬ ሸብቶ ነው የተማርኩት። "በቃ" ያልኩ ቀን እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር። እጁን አንስቶ ጋቢ አለበሰኝ። ይህን ባየሁ ጊዜ አንድ ነገር ከውስጤ ተፈታ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን መልሶ ተጨበጠ። እንዲህ ነው፤ አንዱ ቅዳሜ ይሻላል፣ ሌላው ይከፋል። ፍርሃቱ ሄደ ስል የአክስቴ ሽታ ከየት መጣ ሳይባል አፍንጫዬ ላይ ይመጣል። ያን ጊዜ ግን አልደብቀውም፤ "መጣ" እለዋለሁ፤ "ይምጣ፣ እናስቀምጠው" ይላል፤ ተቃቅፈን እንቀመጣለን። ጾም ሲገባም አብረን ነው የምንይዘው፤ የምደበቅበት መሆኑ ቀረ።

አንድ ቅዳሜ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ቆርቆሮው እርስ በርስ እንኳ አያሰማንም። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ "እሺ" አልኩት። ቢሰማም እንደገና ጠየቀኝ። እንደገና አልኩት። አላመመኝም። ከዚያ በኋላ ተነስቼ መስኮቱን ከፍቼ ጨርቁን በብርሃን ገላለጥኩት።

"ምን አለ?" አለኝ ካልጋው፤ ድምፁ ቀጥኖ።

"ምንም የለም።"

"በደንብ እይው።"

"ምንም የለም ዘውዴ።"

ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው።

እህቴ፣ ደም ካየሽ፣ በተለይ ካረጥሽ በኋላ፣ አትደብቂው፤ ሳይመረምር ስም የሚሰጥሽን ሰው ትተሽ የሚመረምርሽን ፈልጊ። ወንድሜ፣ ሚስትህ ፊቷን ስታዞር ምክንያቱን በልብህ አትሥራ፤ ጠይቃት። የኛ ዓመት የጠፋው ከሁለታችን አንዳችንም ስላልጠየቅን ነው።

ቆቡን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠነው ነበር። የጉለሌን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከእንጦጦ ሲወርድ አጥንት ይገባል። የዘውዴ ራስ ደግሞ እየተመለጠ ነበር። አንድ ክረምት አውጥቶ ደፋው፤ በራሱ የተለካ ስለሆነ ልክክ አለለት። ኀጢአት እንዳይሆን ብዬ ብፈራ አባን ጠየቀ፤ አባም ሳቃቸውን እየያዙ ያልተጸለየበት ጨርቅ መሆኑን ደገሙለት። ከዚያ ወዲያ ቆብ ሳይደፋ አይተኛም። "አባ ዘውዴ፣ ይባርኩኝ" እለዋለሁ። "ልጄ ሆይ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ በይ፣ ይበርደኛል" ይላል። እንዲህ ሆነን ከጋብቻችን መጀመሪያ ይልቅ የተዋደድንባቸው ዓመታት አገኘን።

አምና ልቡ በሥራ ላይ ሳለ ቆመ። ግንቡ ጎን ቁጭ እንዳለ አገኙት።

አሁን ዘመዶቼ፣ "እንግዲህ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጆችሽ አድገዋል፣ ቆብ ድፊ" ይሉኛል። ክፉ ምክር አይደለም። አንድ ቀን እደፋ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሌላ አሰፋለሁ። ይኸኛው ከትራሱ ሥር ነው ያለው፤ ጠርዙ ላይ የራስ ቅባቱ ሽታ አለ። ሌሊት ሲበርደኝ፣ ወይም ፍርሃቱ ሲመጣብኝ፣ እደፋዋለሁ። ይሰፋኛል፤ እስከ ጆሮዬ ይወርዳል።

ባለፈው ሰሞን ማውለቁን ረስቼ ማለዳ ውሃ ልቀዳ ወደ ግቢው ወጣሁ። አንዲት ጎረቤቴ አየችኝና እንስራዋን አስቀምጣ እጅ ነሳች።

"እማሆይ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት" አለችኝ።

"ገና ነኝ" አልኳት። "ይሄ የባሌ ነው።"